ያደረ ቡና በነሲባ ቤት

መርሳ ውስጥ ሰው የሰውን ዘር አንስቶ ቢሳደብ በሽማግሌ ይታረቃል። «ቡናዋ ያደረ ነው» የተባለች ሴት ግን የሚያስታርቃት አታገኝም። ቡና ተቆልቶ ሳይበርድ ይወቀጣል፣ ተወቅጦ ሳይነፍስበት ጀበና ይገባል። ከዚህ ውጭ ያለው ወይ ስንፍና ነው፣ ወይ ንፍገት ነው፣ ወይ እንግዳን መናቅ ነው። ነሲባ እንድሪስ ይህን ሕግ ከማንም በላይ ታከብር ነበር። ሕጉን ያፈረሰችው እሷ መሆኗን ሳስብ፣ ልማድን የሚለውጠው ልማዱን የናቀ ሰው አይደለም እላለሁ። የሚለውጠው አብዝቶ የወደደውና መንገድ ያጣ ሰው ነው።

የነሲባና የእኔ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኑን የምቆጥረው በእሷ የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ትውልዷ ከውርጌሳ ወደ ላይ ካለ ገጠር፣ ከማሽላ ገበሬ ቤት ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለጭነት መኪና ሹፌር ተድራ መርሳ ገባች። ባሏ ሙስዐብ ከደሴ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ ሲመላለስ ኖሮ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሕመም ሞተ። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ አንዲት ልጅና አንድ የስፌት መኪና ትቶላት ነው የሄደው። በዚያች መኪና ልጇን ሁሪያን አስተምራ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አስገባቻት። አሁን ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ቁመቷ አጭር፣ ቃሏ ደግሞ ከቁመቷም ያጠረ ነው።

በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን መኪናዋን ትሸፍንና ብረት ምጣዷን ትጥዳለች። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሴቶች አንድ ሁለት እያሉ ይገባሉ። ቀድመው የሚገቡት እትዬ ባይነሽ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የአካባቢው የቡና ዳኛ። አንድ ጊዜ ፉት ብለው ቡናው የየት አገር እንደሆነ፣ ማን እንደቆላው፣ የቆላችው ሴት ከባሏ ጋር ተጣልታ እንደነበረ ሳይቀር ይናገራሉ ይባላል። ከእሳቸው ቀጥላ ከፊት ለፊት ያለችው ዓቢዳ ትመጣለች፤ ሳቂታና ደንጋጣ ናት። ከዚያ ሌሎቹ። ማን ታመመ፣ የማን ልጅ ፈተና ወደቀ፣ ማንና ማን መታረቅ አለባቸው የሚባለው ሁሉ እዚያ ይወሰናል። እስላሙም ክርስቲያኑም እዚያ ነው። ጦርነቱ አልፎብን ሰው ከየተሰደደበት ሲመለስ፣ ሰፈራችን እንደገና ሰፈር የሆነው በዚያች ክፍል ውስጥ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን በግድግዳው በኩል ከመኪናው ድምፅ ሌላ ሳል እሰማ ጀመር። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ነበር። በኋላ ዓረፍተ ነገር የሚቆርጥ ሳል ሆነ። ባለፈው ዓመት ጭራሽ ከመናኸሪያው እስከ ቤቷ ያለችውን ትንሽ ዳገት ሁለት ጊዜ ቆማ የምትወጣ ሆነች። ሁሪያ ጎትታ ወልድያ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። የሆነውን ነሲባ ራሷ ነች የነገረችኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። የደረቷን ፎቶ አይቶ፣ «እማማ፣ ሲጋራ ስንት ዓመት አጨሱ?» አላት።

«ወላሂ በእጄም ነክቼ አላውቅ!»

«ምጣዱስ? ቡና በቀን ስንት ጊዜ ይቆላሉ?»

«ሁለት ጊዜ። እንግዳ ከመጣ ሦስት።»

«ቤቱ መስኮት አለው?»

«አንድ አለው። ግን መኪናዬን ከሱ ሥር ነው ያስቀመጥኩት፣ አይከፈትም።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «እንግዲያ ሲጋራ ካጨሰ ሰው ምንም አይለዩም» አላት። «ቡና መጠጣት አልከለከልኩዎትም። ጭስ መጠጣት ነው የከለከልኩዎት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ደጅ፣ ነፋሱ ከኋላዎ ሆኖ ይቁሉ። ከዚያ በላይ ከሆነ እኔ የማውቀው መድኃኒት አያድንዎትም።»

ከወልድያ በተመለሰች ማታ ደጃፌ ላይ ቆማ ይህን ስትነግረኝ የፈራችው ሞትን አልነበረም።

«ጋሼ፣ ምጣዱ ከቀረ ማን ይመጣብኛል?»

«ሰው ለቡና ብቻ ነው የሚመጣ?» አልኳት። ለማጽናናት ያህል ነበር።

«ሰው ለሰው ብሎ አይመጣም ጋሼ። ለቡና ብሎ መጥቶ ነው ሰው የሚያገኝ።»

እኔ ፍልስፍና ተምሬያለሁ፤ ከዚያች ዓረፍተ ነገር የበለጠ ግን ብዙ አላገኘሁበትም።

ወደ ሌላው ቤት ሄዳ እንዳትጠጣ እዚያም ያው ምጣድ፣ ያው ጭስ፣ ያው የማይከፈት መስኮት ነው። ሌላ ሰው እንዳይቆላላት ደግሞ በሌላ እጅ የተቆላ ቡና ለእንግዳዋ ማቅረብ ለእሷ ልጇን በሰው ጡት እንደማሳደግ ነው። ከትንፋሿና ከሰዎቿ አንዱን ምረጪ ተባለች። እሷ ግን ሁለቱንም አልለቅም አለች። ሐሙስ ሐሙስ ደጅ ልትቆላና ሳምንቱን ሙሉ ከተቆላው ልታፈላ ወሰነች።

ምክር የጠየቀችኝ እኔን ነበር፤ እኔም የተማረ ሰው ነኝና መከርኳት። «የተቆላ ቡና ጠላቱ አየር ነው» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ። «ከእሳት እንደወረደ ጥብቅ ባለ ዕቃ ክተቺው፣ ጣዕሙ እንደተያዘ ይቆያል።» ከቤቴም ማር የመጣበትን ነጭ ባልዲ አጥቤ አመጣሁላት፤ ክዳኑ በሁለት እጅ ካልተጫኑት የማይገጥም ዓይነት ነው። እሷም ጓሮ ቆልታ፣ ቡናው ገና እየተንጣጣ ሳለ ባልዲው ውስጥ ገለበጠችው። ክዳኑን በጉልበቷ ተጫነችው። ሙቀቱን ከያዝን ሁሉንም ነገር የያዝን መስሎን ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኛ ሁለት ሆነን ነው የቸኮልነው።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ሴቶቹ ገቡ። ምጣድ የለም፣ ጭስ የለም። እትዬ ባይነሽ ዙሪያውን ቃኙ፣ አፍንጫቸውን ነፉ። ነሲባ ባልዲውን ከስፌት መኪናው ሥር ልትስብ እጇን ስትዘረጋ ክዳኑ በድንገት እንደ ጥይት ጮኾ ተፈናጠረ። የመኪናውን ሆድ መትቶ ዓቢዳ እግር ሥር ወደቀ።

«ቢስሚላሂ! ጂን ነው!» ዓቢዳ ነጠላዋን ሰብስባ በሩ ጋ ደረሰች።

«ምን ጂን አለው» አሉ እትዬ ባይነሽ ከመቀመጫቸው ሳይነቃነቁ። «ታፍኖ ያደረ ነገር ሁሉ እንዲህ ይጮሃል። ነሲባ፣ ይኸ ምንድነው?»

«ቡና ነው።»

«የመቼ?»

ነሲባ መዋሸት ትችል ነበር። «የትናንት» አለች።

ያም ሆኖ ተወቅጦ ተፈላ። ጀበናው ሦስት ጊዜ ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው። ቡናው ሙቀት ላይ ታፍኖ ላብ አውጥቶ ስለነበር ምላስ ላይ ይጎመዝዛል። እትዬ ባይነሽ አንዴ ፉት አሉና ስኒውን በቀስታ አስቀመጡት። ቢሳደቡ ይሻል ነበር።

«ልጄ፣ ይኸማ ለለቅሶ ቤትም አይቀርብ» አሉ። «ደክሞሽ ከሆነ ደከመኝ በይ። ያደረ ግን አታጠጪን።»

በሚቀጥለው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ሴቶቹ በነሲባ በር አልፈው ዓቢዳ ቤት ገቡ። በክፋት እንዳይመስላችሁ። ዓቢዳ «ነይ እንጂ» ብላ ጠርታታለች፤ ነሲባ እደጃፉ ደርሳ ጭሱ ሲቀበላት እያሳለች ተመለሰች። ሁለት ቀን ሙሉ በግድግዳው በኩል የሰማሁት የስፌት መኪናውን ብቻ ነው፤ ቀሚስ ሳይሆን ቁጭት የምትሰፋ ይመስል ነበር። ባልዲውን ያመጣሁት እኔ ነኝና ከቤቴ መውጣት አፈርኩ።

በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ተደበደበ። «ጋሼ! ክብሪት ይዘው ይምጡ!»

ስገባ ባልዲው ወለሉ መሃል ተቀምጧል፤ ክዳኑ ከላይ ጣል ተደርጎበታል። ነሲባ አጠገቡ ተንበርክካለች።

«አንቱ የእህል ጉድጓድ ሲከፈት አይተው ያውቃሉ?»

አላየሁም። ወልድያ ከተማ ነው ያደግሁት።

«አባቴ ማሽላውን ጉድጓድ ነበር የሚያኖር» አለች። «አፉን ዘግቶ፣ አፈር ደልድሎ። ሲከፍተው ታዲያ ወዲያው አይወርድም። አንድ ቀን ያስተነፍሰዋል። ከዚያ ኩራዝ አብርቶ በገመድ ይለቃል። ኩራዙ ከጠፋ እዚያ ውስጥ የሚገድል ትንፋሽ አለ ማለት ነው። ሳያስተነፍሱ ወርደው የቀሩ ሰዎች አሉ፣ በኛ ቀበሌ። እህል የሞተ ነገር አይደለም ይለን ነበር አባቴ። ክብሪቱን ይጫሩት።»

ክብሪቱን ጫርኩ። ክዳኑን ገለጥ አደረገችው። እሳቱን ቀስ ብዬ ወደ ቡናው ሳወርደው ገና ከባልዲው አፍ በታች አንድ ስንዝር ሳይገባ ድርግም አለ። እፍ ያለበት የለም። ሁለተኛ ጫርኩ፤ ጠፋ። ሦስተኛውንም።

«ጉድጓዱ ነው!» አለች። ፊቷ ላይ ያየሁት ብርሃን ከክብሪቱ አልነበረም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ቡና ሲቆላ በውስጡ ይፈጠራል፣ ከዚያ ለቀናት ቀስ እያለ ይወጣል፤ ይህን ሁሉ እኔ በፈተና ላይ ብጠየቅ በትክክል እመልሰው ነበር። የአንድ ገበሬ ልጅ ግን ለዚህ መልስ ጥያቄውን አገኘችለት። ዕውቀት እንዲህ ነው፤ ብዙዎቻችን መልስ ተሸክመን ጥያቄው ሳይመጣ እንሞታለን።

«ይተነፍሳል ማለት ነው» አለች እያሰበች፤ ከዚያ ሳቀች፣ ከሳቁ ሳሉ ቢበዛም። «አያ ቡና! የኔን ትንፋሽ ወስደህ አንተ ትተነፍስ!»

ከዚያ በኋላ ያለውን ወር የማስታውሰው እንደ ሳይንቲስት ቤት ነው። ሐሙስ ጠዋት ጓሮ ቆማ፣ ነፋሱን በነጠላዋ ጫፍ ለክታ ትቆላለች። የተቆላውን ሰፌድ ላይ በትና እስኪበርድ ታርገበግበዋለች፤ ሙቀቱ እንዲሄድ ተፈቀደለት። ባልዲው ውስጥ ከትታ የመጀመሪያውን ቀንና ሌሊት ሰፍታ ባዘጋጀችው ድርብ ጨርቅ ብቻ ታስረዋለች። ከዚያ ክዳኑን ሳትጫን ታስቀምጠዋለች፤ ትንፋሹ ሲገፋው በጠርዙ በኩል ይወጣል፣ የውጭው አየር ግን እንደልቡ አይገባም። በየጠዋቱ ክብሪት ትጭራለች። ሁሪያ በስልክ «እማ፣ ቡናውን ልታቃጥይው ነው?» እያለች ትስቅባት ነበር። ባልዲውም ከመኪናው ሥር ተነሥቶ ፀሐይ ወደማይደርስበት፣ ከበርበሬና ከሽንኩርት ወደራቀው ወደ አልጋዋ ሥር ተዛወረ። የተቆላ ቡና የጎረቤቱን ጠረን ሁሉ የሚሰርቅ ነገር ነው፤ ይህንንም በአንድ ኪሎ ኪሳራ ተማረች።

ቀማሹ እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን ጀበናው ይገነፍላል፣ ቡናው ምላስን ይቆነጥጣል፤ ይህን ቁንጥጫ ዕድሜ ልካችንን ጥንካሬ ስንል ኖረናል። በሦስተኛው ቀን ጀበናው ረጋ ብሎ መፍላት ይጀምራል። በአምስተኛውና በስድስተኛው ቀን ቡናው ውስጥ ከዚያ በፊት የማላውቀው ጣፋጭ ነገር መጣ፤ የተናደደ ሰው ንዴቱ ሲበርድለት የሚናገረው ዓይነት ንግግር። ከዚያ ክዳኑ ተጭኖ ይዘጋል፣ እስከ ሁለተኛው ሳምንት አጋማሽም እንደዚያው ይቆያል። ከዚያ ወዲያ ይሞታል። እኛ ከእሳት የወጣ ነገር ሁሉ ወዲያው ይቀመስ እንላለን። ወጣት ሳለሁ ቁጣዬንም እንደዚያው ትኩስ ትኩሱን ነበር የማቀርበው። ማሳደር ማለት ሁልጊዜ ማበላሸት እንዳልሆነ በዚህ ዕድሜዬ ከባልዲ ተማርኩ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ሁሪያ ለእረፍት ከወልድያ መጣች። ረቡዕ አሥር ሰዓት ሲሆን ነሲባ በሯ ላይ ቆመች። እትዬ ባይነሽ ሴቶቹን አስከትለው ወደ ዓቢዳ ቤት ሲያልፉ አገኘቻቸው።

«እትዬ ባይነሽ! ምላስዎን ይዘው ይግቡ!»

እትዬ ባይነሽ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ምላሴን ጥዬማ የት እሄዳለሁ? ምን አርጊው ትይኛለሽ?»

«ይፍረዱልኝ። ሁለት ጀበና አለ። አንዱ ዛሬ ጠዋት የተቆላ ነው፣ ሁሪያ ናት ጓሮ የቆላችው። አንዱ ስድስት ቀን ያደረ ነው። የዛሬውን ለይተው ይንገሩኝ። ከለዩ፣ ወላሂ፣ ሁለተኛ በቡና ስም አልጠራዎትም።»

ሰፈሩ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲሸተው እንዴት እንደሚሰበሰብ ታውቃላችሁ። ዓቢዳ የራሷን ምጣድ ከእሳት አውርዳ መጣች። በሩ ላይ መቆሚያ ጠፋ። ነሲባ ወደ ጓዳ ገባችና ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፤ በዓይኗ እንኳ ፍንጭ ሰጠች እንዳይባል። ጀበናዎቹን የምታውቃቸው ሁሪያ ብቻ ነበረች፤ እሷም ስኒዎቹን አቅርባ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረች።

እትዬ ባይነሽ የመጀመሪያውን ፉት አሉ። ውሃ ተጉመጠመጡ። ሁለተኛውን ፉት አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ደግመው ፉት አሉ።

«ይቺ ናት» አሉ ሁለተኛውን ስኒ ከፍ አድርገው። «ይቺ ናት የዛሬዋ። ንጹሕ ናት፣ ትጣፍጣለች፣ ሆድ አትቆርጥም። ያቺ ግን...» ወደ መጀመሪያው ስኒ በአገጫቸው ጠቆሙ፣ «ያቺ ያደረችው ናት። ትቆነጥጣለች። ምላሴ ሰባ ዓመት አልተሳሳተ፣ ዛሬም አይሳሳትም።»

ሁሪያ ከጣሪያው ላይ ዓይኗን አውርዳ እናቷ ወዳለችበት ጓዳ አየች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«ተናገሪ እንጂ!» አለች ዓቢዳ።

«ያቺ... እትዬ፣ የመረጡት ያደረው ነው። የስድስት ቀኑ።»

«ውሸት!» አሉ እትዬ ባይነሽ። «አቀያይራችኋል። ስኒ ለውጪ፣ እንደገና ቅጂ!»

እንደገና ተቀዳ። በዚህኛው ላይ ዓቢዳ ራሷ እጇን አጥባ ስኒዎቹን በጨርቅ ሸፍና እያሽከረከረች አዘበራረቀቻቸው፤ ከሥራቸው ምልክት ያደረገችው ሁሪያ ብቻ ናት። እትዬ ባይነሽ ቀመሱ፤ እንደገና ያደረውን መረጡ። ዓቢዳም ቀመሰች፤ ያደረውን መረጠች። በሩ ላይ ቆማ የምታይ አንዲት ጀበና ሻጭ ልጅም ሳትቀር ያንኑ መረጠች።

ሁሉም የሚያየው እትዬ ባይነሽን ነው። እኔም ፈራሁ፤ ሰባ ዓመት የገነቡትን ስም በአደባባይ የሚያጡ ሰው ምን እንደሚያደርጉ አይታወቅምና። እሳቸው ግን የያዟትን ስኒ እስከ አተላዋ ጨለጧት፤ ለጥም አይደለም፣ ለፍርድ ነው። ከዚያ ወደ ጓዳው ጮኹ።

«ነይ ውጪ አንቺ ጠንቋይ!»

ነሲባ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምላሴ አልተሳሳተም» አሉ እትዬ ባይነሽ ጣታቸውን እየነቀነቁ። «የሚጣፍጠውን ነው የመረጠው። የተሳሳተው ሌላው ነገሬ ነው። አሁን ንገሪኝ፤ ይኸን ነገር ከጀመርሽ ወዲህ በቀን ስንት ጊዜ ምጣድ ትጥጃለሽ?»

«በሳምንት አንዴ።»

«ሳሉስ?»

«አልሐምዱሊላህ። ዳገቱን ሳልቆም እወጣለሁ።»

እትዬ ባይነሽ ክፍሉን ተመለከቱ። ምጣድ የለም፤ ጭስ የለም፤ አሥራ አንድ ሴት ተቀምጣ አንዷም ዓይኗን አላሸችም። እሳቸው ራሳቸው ባለፈው ክረምት በደረት ሕመም ሁለት ሳምንት ተኝተው እንደነበር ትዝ ያላቸው ይመስለኛል። «እንግዲህ ይኸን ያህል ዘመን ጭስ የጠጣነው በገዛ እጃችን ነዋ» አሉ ቀስ ብለው። ወዲያው ግን ድምፃቸው ተመለሰ። «ዓቢዳ! ምን ትገተሪያለሽ? ባልዲ አምጪ!»

ከዚያ ረቡዕ ወዲህ የሰፈራችን ቡና በየቤቱ አይቆላም። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ገላጣ ሜዳ ላይ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ስድስት ቤት አንድ ላይ ወጥቶ ይቆላል፤ ተራ አለው። እያንዳንዷ የራሷን ቡና በራሷ እጅ ቆልታ፣ አቀዝቅዛ፣ በራሷ ባልዲ ጨርቅ አስራ ትወስዳለች። ከላይኛው ሰፈርም፣ ከሲሪንቃ መንገድ በኩልም መጥተው እያዩ የሚሄዱ አሉ። አንዳንዱ ይስቃል፤ ስቆ የሄደው ደግሞ በሳምንቱ ባልዲ ይዞ ይመጣል።

ባለፈው ሐሙስ ተራው የእትዬ ባይነሽ ነበር። እኔ ጥግ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ነሲባ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል፣ ሃምሳ እርምጃ ርቃ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ከዓመት በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትቆርጥ መጨረስ የማትችል ሴት ነበረች።

«እትዬ ባይነሽ! አሳረሩት እኮ! ያንቀሳቅሱት! ነፋሱ ዞሯል፣ ወደዚህ ይዙሩ፣ ጭሱ ላይ አይቁሙ ብዬዎት አልነበረም? ሰፌዱን ያቅርቡ! ዓቢዳ፣ ማርገብገቢያውን ስጫቸው! ቶሎ!»

ድምፅዋ ሜዳውን አቋርጦ ዋናው መንገድ ላይ ደረሰ። ወደ ወልድያ የሚሄድ አውቶቡስ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ ማን እንደሚጮህ ፈለገ።

እትዬ ባይነሽ ከምጣዱ ቀና ብለው ላባቸውን ጠረጉ። «እናንተ፣ ይቺን ሴት ማን ነው ትንፋሽ የመለሰላት?» አሉ። «በሳሏ ጊዜ ይሻለን ነበር!»

ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ወደቁ። ከሁሉም አስበልጣ፣ ከሁሉም አስረዝማ የሳቀችው ግን ነሲባ ነበረች።